«አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ»

በአንድ ትምህርት ቤት የሕፃናት መዘምራን ቡድን ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በማስጠናበት ጊዜ፣ የወላጆች ቀን ሲቃረብ ባልደረባዬ ከኋላ ረድፍ የሚቆመውን ልጅ ጠጋ ብሎ «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ፤ ድምፅ አታውጣ» አለው። ልጁ ያን ቀን እንደታዘዘው አደረገ። በሚቀጥለው ልምምድ ግን ከንፈሩን እንኳ አላንቀሳቀሰም፤ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ዋለ።

ባልደረባዬ ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። ልጁ በእርግጥም ከጓደኞቹ ዝቅ ብሎ በአንድ ቃና ላይ ያጉረመርም ስለነበር፣ ዜማው ለስለስ በሚልበት ቦታ ሁሉ ድምፁ ለብቻው ጎልቶ ይሰማ ነበር። እኔ ግን የተጠራጠርኩት ጆሮውን ሳይሆን የሚሰማውን አርአያ ነው። ባልደረባዬ ዜማ የሚያስጠናው በራሱ ወፍራም ድምፅ ሲሆን፣ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሕፃናት ድምፅ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ያህል ዝቅ ይላል። አብዛኞቹ ልጆች የሰሙትን ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ከፍታ አምጥተው ይመልሱታል፤ አንዳንዱ ግን እንደሰማው ሊያወጣ ሲታገል ጉሮሮው ወደማይደርስበት ይወርድና በንግግር ድምፁ ላይ ይቀራል።

ከልምምዱ በኋላ ልጁን ድምፅዋ ከማይዛነፍ አንዲት ልጅ ጋር አስቀረሁት። ፒያኖውን አልከፈትኩም። የፈለገውን ድምፅ አውጥቶ እንዲይዝ ነገርኩትና ልጅቷ እርሱ ወዳለበት ቃና እንድትመጣ አደረግሁ። ሁለቱ ድምፆች ሲገጥሙ ዘወር ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ እንደ አምቡላንስ ጩኸት ድምፁን ከታች ወደ ላይ እያንሸራተተ ተጫወተ፤ በንግግር የማይደርስበትን ከፍታ በጨዋታ ደረሰበት።

ቀጥሎ ሶል እና ሚ የተባሉትን ሁለት የዜማ ድምፆች በእጅ ምልክት ጀመርን፤ ለሶል መዳፍ ወደ ደረት ይዞራል፣ ለሚ ደግሞ ዝቅ ብሎ ወደ መሬት ይዘረጋል። ይህ በሃንጋሪው አቀናባሪ በዞልታን ኮዳይ (1882–1967) ስም የሚታወቀው የማስተማር ስልት አንዱ መሣሪያ ነው፤ ምልክቶቹ ግን ከእርሱ ቀደም ብሎ በእንግሊዝ አገር በጆን ከርወን የተስፋፉ ናቸው። ጥቅማቸውም ልጁ በጆሮው ብቻ ሊይዘው ያልቻለውን ከፍታና ዝቅታ በዓይኑ እንዲያየውና በክንዱ እንዲለካው ማስቻላቸው ነው።

የመዘምራን ሥልጠና የልጆችን የሒሳብ ውጤት ያሻሽላል የሚለውን ወሬ ለወላጆች መናገር አልወድም። ዓይኔ እያየ የሚመጣው ለውጥ ሌላ ነው፤ ልጁ የራሱን ድምፅ እያወጣ የጎረቤቱን ማድመጥን፣ ተራው እስኪደርስ ትንፋሹን መግታትን፣ ረዘም ያለ ሐረግ በቃል መያዝን ይለማመዳል።

በወላጆች ቀን ልጁን ጠንካራ ድምፅ ባላቸው በሁለት ልጆች መካከል አቆምነው። ሁሉም ድምፃቸውን ከፍ በሚያደርጉበት ክፍል የራሱን ድምፅ መስማት ስለማይችል ጥቂት ቦታ ሳተ፤ በቀረው ግን ከቡድኑ ጋር ዘመረ። ባልደረባዬም ከዚያ ወዲህ አዲስ ዜማ ሲያስጠና የመጀመሪያውን ሐረግ ራሱ አያዜምም፤ ከልጆቹ አንዷን ያስቀድማል።