በሲሚንቶ አገር ኖራ ፍለጋ

ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ያለው የአያቴ ቤት ውስጥ፣ ከሱቁ በር ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ አንድ መስመር አለ። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። በ1998 ሐምሌ ሲያልቅ፣ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲወጣ ውሃው የደረሰበት ልክ ነው። ያን ሌሊት ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ቤቱን ላድስ ስነሳ እናቴ መጀመሪያ ያለችኝ «ያቺን መስመር እንዳትነካብኝ» ነው።

ድሬን ለማያውቅ ትንሽ ልንገር። ከጅቡቲ የተነሳውን ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከባድ ስለነበር ባቡሩ በ1895 ከተራራው ግርጌ ቆመ። ከተማዋም እዚያው በቀለች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የምትባለው። ደቻቱ መሐል ለመሐል ይሰነጥቃታል። በአንድ በኩል ከዚራ አለች፣ የባቡሩ መሐንዲሶች በቀጥታ መንገድ የሸነሸኗት፣ ዛፍ የጋረዳት ሰፈር። በወዲያኛው በኩል መጋላ ነው፤ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ቀፊራ ገበያ፣ የድሮ ነጋዴዎች ቤት። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ጎርፍ ይደርሳል።

የእኛ ቤት ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ኖራ፣ በረንዳው እንጨት። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ እኛ የምንኖርበት ስለነበር ተረፈ። ግራና ቀኝ ያሉት የቀበሌ ሆኑ። ሰው መጥቶ የእነዚያን ቤቶች መጎሳቆል አይቶ «ነዋሪው ቸልተኛ ነው» ሲል ያመኛል። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ይፈራል። የሚከፍላት ኪራይ ደግሞ ለአንድ ቆርቆሮ እንኳ አትበቃም። ታዲያ ማን ያድሰው?

ከአዲስ አበባ ስመለስ ሐሳቤ ማፍረስ ነበር። አራት ፎቅ ሠርቼ ማከራየት። እናቴ እንቢ አለች። እሺ፣ እንደነበረ ይታደስ ብዬ አንድ ኮንትራክተር ያዝኩ። ግድግዳውን ከውጭም ከውስጥም በሲሚንቶ ለሰነው። ያችን ከበሩ ጀርባ ያለችውን ቁራጭ ብቻ ተዉአት። ሲያልቅ እንደ አዲስ ሙሽራ አማረ። ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

አንድ ክረምት አለፈ። ልስኑ ከታች ማበጥ ጀመረ። ነጭ ጨው ወጣበት። በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ቀን ጠዋት ትልቅ ቁራጭ ተገምሶ ሱቁ ደጃፍ ወደቀ። ሰው ስላልነበረ ነው ፈጣሪ ያወጣን።

ያኔ ሐረር ጀጎል ግድግዳ ሲለስኑ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ አዛውንት ግንበኛ አመጣሁ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ።

«ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ታፍኗል» አሉኝ።

«ምን ይሻላል አባባ?»

«አውልቁለት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ግድግዳ ከሥር እርጥበት ይስባል፣ በኖራው በኩል ደግሞ ወደ አየር ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ስትደፍንበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከውስጥ ጨው እየገፋ ልስኑን ያፈነዳዋል። ብሎም ድንጋዩን ያያያዘውን ኖራ ይበላዋል። ድሬ ደግሞ በአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1936 እ.ኤ.አ. የተተከለባት ከተማ ናት። ሲሚንቶ ለእኛ ኩራት ነው፣ አይቀየምብኝ። ለአዲስ ግንባታ እሰየው። ለአያቴ ግድግዳ ግን መርዝ ሆነበት።

ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ማውለቁ ከመለሰኑ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። በማሽን እንዳንሞክር አዛውንቱ ከለከሉን፤ ድንጋዩን ያናጋዋል። ከዚያ ግድግዳው ራቁቱን ሆኖ ለወራት እንዲደርቅ ተውነው። እኔ ቸኩዬ ነበር። እሳቸው አልቸኮሉም።

ጓሮ ጉድጓድ ቆፈርን። የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ከተን ውሃ አፈሰስንበት። እንደ ድስት ይፈላል። እዚህ ላይ አደራ የምለው፦ መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ አትጠጉት። ዓይን ያጠፋል። ከበረደ በኋላ ውሃ አልብሰን ለሳምንታት አስተኛነው። እንደ ቅቤ ሲለሰልስ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ አድርገን ለወስነው።

ያልጠበቅሁት ፈተና ሙቀቱ ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ፣ ቀስ እያለ ነው። የድሬ ፀሐይ ከደረሰበት በአንድ ቀን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ጀምረን ሦስት ሰዓት ላይ እናቆማለን። ረፋዱን እርጥብ ጆንያ እናለብሰዋለን። ልስኑ ስስ በስስ ተደራርቦ ነው የሚወጣው፤ አንዱ ሳይጠና ሌላው አይጫንም። የቀን ሠራተኞቹ መጀመሪያ ተሰላችተውብኝ ነበር። በኋላ ሁለቱ ሙያውን ያዙት።

መብራቱን ስንዘረጋ ማብሪያ ማጥፊያውንም ሶኬቱንም ከእናቴ መስመር በላይ አደረግን። ደቻቱ ዳር ከጎርፉ በኋላ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። እኔ ግን ውሃው አንዴ መንገዱን ያውቀዋል ብዬ ነው የሠራሁት። ታች ያለው ወለል ድንጋይ ነው፣ መደርደሪያዎቹም ከፍ ብለው ነው የተሰቀሉት።

ቤቱ አልቆ ግን ሰፈሩ ጭር እንዳለ ነበር። ይሄ ቅስሜን ሰብሮታል። ድሬን ያቆማት ባቡሩ ነው፤ ሰው በፊሽካው ይነሳ ነበር። አሮጌው መስመር ሲዳከም፣ በ2009 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሲሆን፣ የመሐል ከተማው እግር ቀነሰ። የኔ ነጭ ግድግዳ ብቻውን ሰው አይጠራም። ሱቁን ለመጋዘን ጥሩ ኪራይ የሚከፍል ሰው መጥቶ ነበር። አሰብኩበትና ተውኩት። መጋዘን ቀኑን ሙሉ የተዘጋ በር ነው። ባነሰ ኪራይ ፈጢራ ለምትሠራ ሴት ሰጠሁ። ጠዋት በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። የባጃጅ ሾፌሮች ከቀፊራ ዞረው ይመጣሉ። ማታ የበረንዳውን መብራት አበራለሁ፤ ከሥሩ ሻይ የምትሸጥ ልጅ ተቀመጠች። ከሷ ቀጥሎ ጫማ የሚሰፋ መጣ። እኔ ሰፈሩን አነሣሁት አልልም። ግን ማታ በዚያ መንገድ ሴቶች ብቻቸውን ሲያልፉ አያለሁ፣ ድሮ አያልፉም ነበር።

በረንዳው ገና ነው። የተበላውን እንጨት በተመሳሳይ የሚጠርብ አናጺ ፍለጋ ላይ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሁለት በር ቀጥሎ ያሉት ተከራይ ጎረቤታችን መጡ። ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳቸውን ብቻ፣ በራሳቸው ጉልበት፣ ሊለስኑት ይፈልጋሉ። «ከኖራህ ይተርፋል?» አሉኝ። አዛውንቱ ግንበኛ ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አዩትና አይበቃም አሉ። ሁለተኛ ጉድጓድ ቆፈርን። አሁን ውሃ ለብሶ ተኝቷል።