እንዲያምር ብዬ ያሰርኩት ሽቦ

ጅማ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ከሆንክ ክረምት ላይ ስልክህ አያርፍም። ሌሊቱን ሲዘንብ ያድራል፤ ጠዋት «በሩ ነዘረኝ»፣ «ግድግዳው ነዘረኝ» የሚል ይደውላል። የዚያን ቀን የደወሉልኝ አጂፕ አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮን ያላቸው ሀጂ ናቸው። የነዘረው ምጣድ ነው። የተነዘሩት ደግሞ ወጥ ሠሪዋ እትዬ።

«ሁሉም ምጣድ ይነዝር የለ እንዴ?» አሉኝ ሀጂ።

እትዬ ከጓዳ ሰሟቸው። «እስቲ እርስዎ ይጋግሩና ይዩት!»

ገብቼ አየሁ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እርጥብ። ምጣዱ ከጋዝ ምድጃው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። የጋዝ ሲሊንደሮቹ ውጭ በሽቦ አጥር ተቆልፈዋል፤ ከእነሱ የሚነሳው ቀጭን የመዳብ ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ምድጃው ድረስ ይሄዳል። እትዬን በጣም የሚይዛቸው አንድ እጃቸው ምጣዱን፣ ሌላው ምድጃውን ሲነካ ነው። ሶኬቱን ፈታሁት። የኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ቀዳዳ አለው፤ ከኋላው ግን የገባ ሽቦ የለም። ለጌጥ ነው።

ነገሩ ግልጽ ነው። ሰው የሚነዘረው በሚነካቸው ሁለት ነገሮች መካከል የቮልት ልዩነት ሲኖር ነው። ስለዚህ ጓሮ የኧርዝ ዘንግ ቀበርኩ፤ የጅማ ቀይ አፈር ክረምት ላይ ዘንግ እንደ ቅቤ ነው የሚቀበለው። ለምጣዱ ኧርዝ ሳብኩ። ከዚያ የጋዝ ቱቦውንና የብረት ማጠቢያውን በ10 ሚሜ ካሬ አረንጓዴ ቢጫ ሽቦ ከዋናው ኧርዝ ጋር አገናኘሁ። ቦንዲንግ የምንለው ይሄ ነው፤ ብረቱ ሁሉ እኩል ቮልት ላይ እንዲሆን። (ዘንግ መቅበር ሰልችቶት የጋዝ ቱቦውን ራሱን ኧርዝ የሚያደርግ ሰው አለ። ቱቦን ከኧርዝ ጋር ማገናኘት ሌላ፣ ቱቦን ኧርዝ ማድረግ ሌላ። ሁለተኛው ነውር ነው።)

እስከዚህ ልክ ነበርኩ። ያበላሸሁት አወራረዱን ነው።

ሽቦው እንዲያምር ፈለግሁ። ቱቦው ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ እኔም ሽቦውን ከጎኑ ለጥፌ በየስንዝሩ በነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት። ግድግዳውንም ቱቦው በገባበት በዚያው ቀዳዳ አሳለፍኩት። አዲስ መብሳት ለምን? ሽቦውን ቱቦው ላይ የሚያጣብቀውን ክላምፕ ደግሞ የቱቦው መገጣጠሚያ ዳዶ አጠገብ ገጠምኩት። ሌላው የቱቦው ክፍል ቀለም ተቀብቷል፣ እሱን መፋቅ ሰነፍኩ። ካቻቢቴዬን ይዤ እስኪበቃው አጠበቅኩት።

ሀጂ አይተው «ሥራ ማለት ይሄ ነው» አሉ። ሂሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ተደወለ። የጋዙን መስመር የዘረጉት ጋሼ ሲሊንደር ሊቀይሩ መጥተው ሽታ አግኝተዋል። ስደርስ ጓዳው ጨለም ብሏል። እጄ በልማድ ወደ ማብሪያው ሄደ።

«እጅህን!» ጮኹ ጋሼ።

ደርቄ ቀረሁ። ሲሊንደሩን ቀድመው ዘግተዋል፣ በሩንም በርግደውታል። ይሄ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው። ማብሪያ ስትጫን ደግሞ ውስጡ ብልጭታ አለ። ይሄን አውቃለሁ እኮ። እጄ ግን አያውቅም ነበር።

በደንብ እስኪናፈስ ደጅ ቆየን። ከዚያ ጋሼ ሲሊንደሩን ለአፍታ ከፍተው በሲኒ የበጠበጡትን የኦሞ አረፋ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀቡ። ክላምፔ አጠገብ ያለው ዳዶ ላይ አረፋው ቀስ ብሎ አበጠ። ፈነዳ። እንደገና አበጠ። ክላምፑን ሳጠብቅ ዳዶውን አንቀሳቅሼዋለሁ። ደንዳናው ሽቦዬም ከቀዳዳው ሲታጠፍ ቱቦውን ይገፋዋል።

ጋሼ ሲሊንደሩን መልሰው ዘጉ። ቢላ አውጥተው ማሰሪያዎቼን አንድ በአንድ ይቆርጡ ጀመር። እኔም አፌ አላርፍ አለ። «ጋሼ፣ ለነገሩ ሁለቱ በክላምፕ ተገናኝተው የለ? ቢነካኩ ምን ችግር አለው?»

«በአንድ ቦታ ጠብቀው ይገናኙ። ሌላ ቦታ አይተሻሹ።» ሽቦውን ከቀዳዳው ስበው አሳዩኝ። የግድግዳው ጠርዝ በሦስት ቀን ላስቲኩን መፋቅ ጀምሯል። ላስቲኩ ቢያልቅ መዳቡ ቱቦውን ላላ ብሎ ይነካል። በደህናው ቀን በዚያ ሽቦ የረባ ነገር አያልፍም። አንድ ቦታ ሾርት የሆነ ቀን ግን ጠንከር ያለ ከረንት ሊያልፍበት ይችላል፤ ያን ጊዜ የላላ ንክኪ ይፈነጥቃል። ጎኑ ያለው ደግሞ ጋዝ የያዘ ስስ ቱቦ ነው።

«ደሞ እኔ ነገ ቱቦውን ልበይድ ብል ሽቦህን ላቃጥልልህ ነው?» አሉኝ። ለዚህም መልስ አልነበረኝም።

እሳቸው ዳዶውን አስተካከሉ፣ በአረፋ ደግመው ፈተሹ። እኔ በማግስቱ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የእንግሊዞች ደንብ በጋዝ ቱቦና በኤሌክትሪክ ሽቦ መካከል ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ይላል፤ እኔ አራት ጣት አራቅኩት። ለሽቦው የራሱን ቀዳዳ በስቼ የፕላስቲክ ቱቦ አጎረስኩት። ክላምፑን ቱቦው ወደ ቤት የሚገባበት ቀጥ ያለው ክፍል ላይ፣ ከዳዶ አርቄ፣ ቀለሙን መዳቡ እስኪያበራ ፍቄ ገጠምኩት። «አትፍቱ» የሚል ወረቀትም በአማርኛና በኦሮምኛ ለጠፍኩ። ገንዘብ አልጠየቅኩም፣ በምን አፌ?

ለምጣዱም 30 ሚሊ አምፒር ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከር ጨመርኩ። እትዬ ምጣዱን በሰኩት ቁጥር ጠፋ። ሥሩን ስንፈታው የፈሰሰ ሊጥ ሽቦዎቹ ላይ ደርቆ እንደ ቂጣ ተጋግሯል። ለካ ንዝረቱ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሀጂ መጨረሻ ላይ መጥተው ግድግዳውን አዩት። ሽቦው ከቱቦው ተለይቶ፣ ጥግ ጥጉን ዞሮ፣ ለብቻው ይገባል። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩና፣

«የመጀመሪያው ያምር ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው።