ዜሮ ያልሆነው ዜሮ

የሠራሁትን ማጉያ (አምፕሊፋየር) ለደንበኛ የማስረክበው ሰኞ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ስፒከር ላይ ሰካሁት። ሙዚቃው ግሩም ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ዝዝዝ የሚል ነገር ቀረ።

ድምፅ መጨመሪያውን እስከ መጨረሻ ዘጋሁት። ንቅንቅ አላለም። የመግቢያውን ገመድ ነቅዬ፣ ምንም ምልክት እንዳይገባ መግቢያውን ሾርት አደረግኩት። ያው ነው። ጣጣው ከውጭ አልመጣም፤ የራሴ ነው።

ኃይል የሚመግበውን ክፍል፣ ፓወር ሰፕላዩን ጠረጠርኩ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ባደገ ቁጥር ቮልቴጁ ይረጋል፤ ይሄን የማያውቅ የለም። እናም 4700 ማይክሮፋራድ የነበሩትን ሁለቱን ነቅዬ 22000 በየድኩ። ጣሳ የሚያካክሉ ናቸው፣ ሳጥኑ ውስጥ ሲታዩ ደስ ይላሉ። በኩራት ከፈትኩት።

ዝዝታው ባሰበት። እንደውም ሹል ሆነ።

አብሮኝ የሚሠራ አንጋፋ ቴክኒሻን አለ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሆኖ ሲሰማ ቆይቷል።

«ይሄ ከትራንስፎርመሩ ማግኔት አይደለም» አለኝ። «እሱ ቢሆን 50 ሄርዝ ነው፣ ወፈር ብሎ እምምም ይል ነበር። ይሄ 100 ነው። ፊድባክህ፣ ከመውጫው የሚመለሰው፣ ግራውንድ የያዘው ከየት ነው?»

«ከግራውንድ ነዋ! ግራውንድ ያው ግራውንድ ነው፤ የትም ቢሆን ዜሮ ቮልት።»

ሳቀ። ሁለቱን ካፓሲተሮች መሃል ላይ የምታገናኝ 5 ሳንቲሜትር ጥቁር ሽቦ ነበረች። የኦሲሎስኮፑን (ቮልቴጅን ስክሪን ላይ የሚስል መሣሪያ ነው) መቆንጠጫ አንዱ ጫፏ ላይ፣ መለኪያውን ሌላው ጫፏ ላይ እንዳደርግ ነገረኝ። ቀጥ ያለ መስመር ነበር የጠበቅኩት። ስክሪኑ ላይ እሾህ በእሾህ ሆነ።

«ሁለቱም ዜሮ ናቸው ያልከኝ አይደል?»

ያቺን ሽቦ ሽቦ ብቻ አድርጌ ነበር የማያት። ውፍረቷ 1 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ከመዳብ ብትሠራም 0.86 ሚሊኦም ገደማ ሬዚስታንስ አላት። ተለዋዋጩን ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞረው ሬክቲፋየር ደግሞ ካፓሲተሮቹን እንደ ቧንቧ ዝም ብሎ አይሞላም። በሴኮንድ 100 ጊዜ፣ በጣም አጭር በሆነ ቅጽበት ከረንት ይገፋባቸዋል። ያ ግፊት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው በዚያች ሽቦ ነው። ሙዚቃ ሳይኖርም ጫፉ 2 አምፒር ቢደርስ 1.7 ሚሊቮልት ሽቦዋ ላይ ይቀራል። ምን አላት ትሉ ይሆናል። እኔ የመግቢያውን ግራውንድ አንዱ ጫፍ ላይ፣ የፊድባኩን ሌላው ጫፍ ላይ በይጄዋለሁ። ማጉያው 20 እጥፍ ያጎላል። 34 ሚሊቮልት ስፒከር ላይ! ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በደንብ ይሰማል።

ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ለምን እንዳባሱት የገባኝ ያኔ ነው። ካፓሲተሩ ሲያድግ ቮልቴጁ ብዙ አይወርድም፤ ስለዚህ የመሙያው ጊዜ ያጥራል፣ ከረንቱም በዚያች አጭር ጊዜ ከፍ ብሎ ይመጣል።

ያበሸቀኝ ግን ፊድባኩ ነው። አሜሪካዊው ኢንጂነር ሃሮልድ ብላክ በ1927 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሥራ ሲሄድ ጀልባ ላይ ሆኖ ጋዜጣ ላይ የሞነጫጨረው ሐሳብ ነው፤ ከመውጫው ትንሽ ቀንሰህ መልስ፣ ከመግቢያው ጋር አስተያየው፣ ስህተቱን አጥፋ። እኔም ፊድባክ ሁሉን ያጥባል ብዬ ተኝቼ ነበር። ማስተያያው ነጥብ ራሱ ከተናወጠ ግን ፊድባክ ምን ያድርግ? መናወጡን ሙዚቃ ነው ብሎ በታማኝነት ወደ ስፒከሩ ይልከዋል።

ጥገናው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የካፓሲተሮቹን መሃል በወፍራም መዳብ አጋጠምኩ። ከዚያ አንድ ሽቦ ብቻ አውጥቼ ለብቻው ወደቆመ ነጥብ ወሰድኩ። የመግቢያው፣ የፊድባኩ፣ የስፒከሩ መመለሻ፣ ሁሉም እዚያች ነጥብ ላይ ተሰበሰቡ። ከፈትኩት፤ ጸጥ። አላመንኩም፤ ለሙከራ የድሮዎቹን 4700ዎች መልሼ በየድኩ። አሁንም ጸጥ። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ስለጥፍ ቀጭን ሽሽታ ብቻ ነው የሰማሁት።

በዚያው አስረከብኩ። ደንበኛው ሰኞ መጥቶ ክዳኑን አስከፈተና አጎንብሶ ውስጡን አየ።

«ካፓሲተሮቹ ትንሽ አላነሱም?»

አንጋፋው ቀና ሳይል ከወዲያ ሲስቅ ይሰማኛል።