ሽርጡ ስንት ሰዓት ታሰረ?

ልጁ ባጃጅ ተገልብጦበት ነው የመጣው። የክንዱ አጥንት ተሰብሯል፣ ደም ቅዳው ተበጥሷል። ጓደኛው ትከሻው ላይ ጣል ያደረገውን ሽርጥ አውልቆ ከቁስሉ በላይ ጥብቅ አድርጎ አስሮለታል። ያ ሽርጥ ባይኖር በሕይወት አይደርስልንም ነበር።

እኔ የኦፕሬሽን ክፍሉ ተረኛ ነርስ ነበርኩ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የደም ዓይነቱን መዘገብኩ። ጓደኛውን «ውጪ ጠብቅ» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ዶክተሩ ታጥቦ ገባ። «ሲስተር፣ ከታሰረ ስንት ሰዓት ሆነው?»

ካርዱን አገላበጥኩ። የለም። ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ጡንቻ ያለ ደም ወደ 6 ሰዓት ከቆየ ላይመለስ ይችላል፤ ይህን እያወቅኩ ነው የዘለልኩት። ሮጬ ወጣሁ። ጓደኛው ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብሏል።

«አቦ፣ ማን ሰዓት አየ!» አለኝ፣ እንባው እየመጣ። ትንሽ ቆየና «የዙህር አዛን እየተባለ ነበር» አለ። የቀትሩ ጸሎት ጥሪ ነው፣ ስድስት ተኩል ገደማ።

ሰዓቴን አየሁ። አስር ሊሆን ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል ማለት ነው።

አጥንቱን ማስተካከል ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ያን ያህል አንጠብቅም አለ ዶክተሩ። የረጋውን ደም አወጣ፣ የተበጠሰውን ስር ሁለት ጫፍ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አገናኘ፣ ግራና ቀኙን በሐር ክር አሰረ። ሻንት ይባላል። ሽርጡ ተፈታ። ቱቦው ቀላ። እኔ ዓይኔ የልጁ ጥፍር ላይ ነው፤ እንደ ኖራ ነጭቶ የነበረው ከሥሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ቀላ። ጣቱ ላይ ያደረግንለት መለኪያ ዝም ብሎ ቆይቶ ቲክ፣ ቲክ አለ። እንዲህ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም።

አጥንቱ በእርጋታ ተሠራ። ከዚያ ሻንቱ ወጥቶ ከእግሩ የተወሰደ ደም መልስ በቦታው ተሰፋ፣ ዓይን በሚፈትን ክር። ዶክተሩ እየሰፋ አጫወተን። ስርን በሦስት ነጥብ ወጥሮ መስፋትን ፈረንሳዊው አሌክሲስ ካሬል እ.ኤ.አ. በ1902 አስተዋወቀ፤ በ1912 ኖቤል ተሸለመበት። ኔዘርላንድ ኡትሬክት ውስጥ ደግሞ ቱሌከን የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም አዲሱን ስር ደም በሚሄድበት ስር ላይ መጀመሪያ ሰፍቶ ቀዳዳውን በኋላ በሌዘር ይከፍት ነበር። የአንጎል ደም ለአፍታም አይቋረጥም ነበር። እኛ ሌዘሩ የለንም። ቱቦና ሰዓት አለን።

አሁን እጅ ወይም እግሩ የታሰረ ሰው ሲመጣ ከስሙ በፊት ሰዓቱን እጠይቃለሁ። ፕላስተር ላይ ጽፌ እዚያው ቆዳው ላይ እለጥፋለሁ። አስታማሚው ሰዓት አላየሁም ካለኝም አልለቀውም። የቱ አዛን ተብሎ ነበር? ተማሪ ተለቆ ነበር?