ፍሬኑ ይዞ ነበር

ድሬ ጋራዥ ስሠራ ካጋጠመኝ ሁሉ ይህቺ ከአእምሮዬ አትጠፋም። የቆየ ላንድሮቨር ነው፣ ያ ድሮ የምናውቀው ባለ ባሌስትራው። ጠግነን እንደጨረስን ባለቤቱ «አቦ ሐረር ድረስ አብረኸኝ ውጣ፣ ዳገት ላይ እንየው» አለኝ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፣ መሀል ላይ ደንገጎ አለ። መኪና ለመፈተን ከደንገጎ የተሻለ ቦታ የለም።

ጥምዝምዙ ላይ ስንደርስ የኋላ ግራ ጎማ ተነፈሰ። ዳር ያዝን። ባለቤቱ ፍሬን አማኖውን እስከ መጨረሻው ሳበው፣ ሞተር አጠፋ፣ አንደኛ ማርሽም አስገባ። ገፋ ገፋ አደረግነው፣ ንቅንቅ አላለም። «በቃ ይዟል» ተባባልን። ታኮ የሚሆን ድንጋይ አልፈለግንም፤ እዚያ ዳገት ላይ የሞላው ደግሞ ድንጋይ ነው።

ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ላላ አድርጌ፣ ክሪኩን ከአክሰሉ ሥር አስገባሁና ማንሳት ጀመርኩ። ጎማው አስፋልቱን ለቀቀ። ልክ ሲለቅ፣ አፍንጫዬ ሥር ያለው ጎማ ማንም ሳይነካው መዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ወደ ፊት። መኪናው ግን ወደ ኋላ እየሄደ ነው! ክሪኩ ተንጋደደ፣ ወደቀ፣ ጎማው መሬት ነካ፣ መኪናውም ቀጥ አለ። አንድ ክንድ እንኳ አልሄደም። እጄን ከክሪኩ ላይ መቼ እንዳነሳሁ አላስታውስም። ከሥር ገብቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም።

ባለቤቱ «ፍሬኑ ከዳን» አለ። እንደገና ገፋነው፤ ይዟል። ግራ የገባን ይሄ ነው። ድንጋይ ከኋላ ደግፈን ጎማውን ቀየርንና ወደ ድሬ ተመለስን።

ጋራዥ ስንደርስ የፍሬን አማኖውን ታምቡር፣ ማለት የፍሬኑ ሸራ የሚይዘውን ክብ ብረት፣ ፈታሁት። ሸራው ወፍራም ነው፣ ዘይት አልነካውም፣ ማስተካከያውም ልክ ነው። ዋናው መካኒካችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ «መልሰህ እሰረው፣ ፍሬኑ ምንም አልሆነም» አለኝ። የፊት ጎማዎቹን ታኮ አስደረገ፣ የኋላውን ሁለቱንም አስነስቶ ማቆሚያ ላይ አስቀመጠ፣ ፍሬን አማኖውን ራሱ ሳበው። ከካምቢዮው ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ላይ በጠመኔ አንድ ነጭ መስመር አሰመረ። «አንተ ልጅ፣ የግራውን ጎማ አዙር።» አዞርኩት። ዞረ። ቀና ስል የቀኙ ጎማ በተቃራኒው እየዞረ ነው። የጠመኔዋ መስመር ግን ከቦታዋ አልተነሳችም።

ያኔ ገባኝ። የዚህ መኪና ፍሬን አማኖ ጎማ አይይዝም፤ የሚይዘው ያንን ዘንግ ነው። ታምቡሩ ካምቢዮው ጀርባ ላይ ነው ያለው። አንደኛ ማርሽ ያስገባነውም የያዘው ያንኑ ዘንግ ነው፣ ስለዚህ ሁለት መያዣ ያለን መሰለን እንጂ አንድ ነበር። ዲፈረንሻል፣ ማለት የዘንጉን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ጥርሳም ዕቃ፣ የተሠራው ኩርባ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጡ የበለጠ እንዲዞር ነው። ዘንጉ ሲታሰር ደግሞ አንዱ ጎማ ወደ ኋላ የሚዞረው ሌላው ወደ ፊት ከዞረ ብቻ ነው። ሁለቱም መሬት ከረገጡ ይህ አይሆንም፣ መኪናው ይቆማል። አንዱን ስታነሳው ግን የተነሳው በነፃ ይዞራል፣ መሬት ያለውም ይንከባለላል።

እዚያ ዳገት ላይ ቢጫዋን እጀታ ተጭነን ፎር ዊል አስገብተን ቢሆን የፊት ዘንግም ከኋላው ጋር ይታሰር ነበር፤ የፊት ጎማዎች ሁለቱም መሬት ላይ ስለነበሩ መኪናው አይሄድም ነበር። የፊት ሀቡ፣ ማለት የጎማው እምብርት፣ ነፃ የሚደረግ ዓይነት ከሆነ ግን እሱም መቆለፍ አለበት፣ አለዚያ ፎር ዊሉ ለዚህ ጉዳይ ዋጋ የለውም። ከእሱ በኋላ የመጣው ላንድሮቨር ዲፌንደር ላይም ፍሬኑ እዚያው ዘንግ ላይ ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 የድሮው ሞዴል ምርት እስኪቆም ድረስ አልተቀየረም። እሱ ሁልጊዜ በአራቱም የሚነዳ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ መሀሉ ላይ ሌላ ዲፈረንሻል አለ፣ ከማንሳት በፊት እሱን መቆለፍ ነው።

ሃይሉክስ ላይ ፍሬን አማኖው የኋላ ጎማዎቹን ታምቡር ነው የሚይዘው፤ አንዱን ብታነሳ ሌላው ተይዞ ይቀራል። ግን ክሪኩን መሀል ዲፈረንሻሉ ሥር አድርገህ ሁለቱንም ካነሳህ ፍሬኑ ምንም የሚይዘው ነገር የለም። ጎማና ሞላ ቀይሮ መኪናውን ከፍ ያስደረገ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ፤ ክሪኩ ይረዝማል፣ ትንሽ ስትገፋው ይንጋደዳል። ለእኔ ሁሉም መኪና ላይ ታኮ ይቅደም፣ ዳገት ከሆነ ከቁልቁለቱ በኩል፣ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ሥር።

በማግስቱ ከባለቤቱ ጋር ፈተናውን ልንጨርስ ደንገጎን ስንወጣ ያ የደገፍንበት ድንጋይ አስፋልቱ ላይ እንዳለ ነበር። በድንጋጤ ሳናነሳው ሄደን ኖሯል። ሌሊት ጫት የጫኑ አይሱዙዎች በዚያ መንገድ እንዴት እንደሚበሩ ሁላችንም እናውቃለን። መኪናውን አቁመን፣ ፎር ዊል አስገብተን ወረድን፤ ታኮ ካደረግን በኋላ ድንጋዩን በሁለት እጄ ተሸክሜ ከገደሉ ጥግ አስቀመጥኩት።