ክሩ ብቻ ይቀራል

ሰሞኑን ሆድ ይብሰኛል። ዛሬም ከቤት የመውጣት ሐሳብ አልነበረኝም። ያቺ የማታስቀምጠኝ ጓደኛዬ ናት የራሳቸውን ሥራ የጀመሩ ሰዎች ልምዳቸውን ወደሚያካፍሉበት ዝግጅት ጎትታ የወሰደችኝ። "የራሴን ሥራ እጀምራለሁ ስትይ ስንት ዓመትሽ? ተነሽ!" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሃያ ሰው ብንሆን ነው። መድረክ የለም፣ ማይክ የለም፤ ወንበሮቹን አዙረን ክብ ሠርተን ተቀመጥን። እንግዳዋ የአልባሳት ስታርትአፕ አላት። ዘላቂ ፋሽን በሚባለው፣ ማለትም አካባቢንም ሠራተኛንም በማይጎዳ ልብስ ላይ ነው የምትሠራው። ገና ከመጀመሯ "አንቱታውን ተዉት" አለችንና ሁሉም ዘና አለ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አላወራችም። ያወራችው ስለ ጨርቅ ነው። ፋብሪካዎች ትንሽ ትዕዛዝ ስለማይቀበሉ ከትልልቅ አምራቾች የተረፈ ጨርቅ እየገዛች ነው የጀመረችው። ችግሩ አንድ ሞዴል ሲወደድላት ጨርቁ ያልቃል፤ ያንኑ ድጋሚ ማግኘት አይቻልም። ከዚያ በፊት ለአንድ ትልቅ ድርጅት ልብስ እያዘዘች ታስገባ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ባንግላዲሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹን ግን በማግስቱ ግቡ አሏቸው። "እስከዚያ ቀን ስፌት ሳይ እጅ አይታየኝም ነበር" አለች።

አንዱ ልጅ "ጥጥ ብቻ መጠቀም አይሻልም?" ሲል ጠየቃት። ለአንድ ቲሸርት የሚሆን ጥጥ ወደ 2,700 ሊትር ውሃ እንደሚፈጅ ነገረችው። ከዚያ የለበሰችውን ጃኬት አወለቀችና ገልብጣ አዞረችልን። እኔ ጋ ሲደርስ የኪሱን ስፌት በጣቴ ዳሰስኩት።

"ጨርቁ መቶ በመቶ ጥጥ ነው" አለች። "ብትቀብሩት ይበሰብሳል። የተሰፋበት ክር ግን ፖሊስተር ነው፣ ፕላስቲክ። እሱ አይበሰብስም።" በጥጥ ክር ለመስፋት ሦስት ጊዜ ሞክራለች፤ ሦስቴም ብብቱ ላይ ተተረተረባት።

ከዚህ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። አፈር ውስጥ ያለ ልብስ ነው የታየኝ። ጨርቁ የለም። ክሩ ብቻ የአንገቱን ዙር፣ የእጅጌውን መስመር፣ የኪሱን አራት ማዕዘን ይዞ ቀርቷል።

እማዬ ካረፈች ወዲህ የልብሷን ሻንጣ ከፍቼው አላውቅም። ማታ ከፈትኩት።

ሰማያዊ ቀሚሷን አወጣሁ። ጠርዙን ራሷ ነበረች በእጇ የዘመዘመችው፣ በጥቁር ክር። ሰማያዊ ክር አጥታ ይሆናል። ስፌቱ ደቃቅና እኩል ነው፣ ቋጠሮው ከውስጥ ተደብቋል። በግራ በኩል ግን እየሰፋ፣ እየተጣመመ ይሄዳል። ያን ጊዜ ዓይኗ ደክሞ ነበር። "ክር አስገቢልኝ" ትለኝ ነበር መርፌውን ዘርግታ። እኔ "ቆይ" እላለሁ፣ ስልኬን እያየሁ። አንዳንዴ ስመለስ ራሷ አስገብታ ትቆየኛለች። ለአንድ ቀዳዳ ስንቴ እንደሞከረች እንጃ።

ጫፉ ላይ አንድ ክር ተንጠልጥሏል፤ ሳትቆርጠው የረሳችው። በመቀስ ቆረጥኩትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እንግዳዋ ጥጥና ፖሊስተር የሚለዩበትንም ቀደም ብላ ነግራን ነበር። ክሩን ታቃጥሉታላችሁ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጠብታ ይሆናል።

ክብሪት አለኝ። ይኸው ግማሽ ሰዓት ሆነኝ፣ አልጫርኩትም።

ከጓደኛዬ መልእክት መጥቷል። "እና፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?" ትላለች። ምን ልበላት? እኔ አሁን የማስበው ሌላ ነው። ይህ ክር ምን ቢሆን ነው ደስ የሚለኝ? የሚበሰብሰው ወይስ የሚቀረው?