ሐብልዎን አጥልቀው ይምጡ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ ስትወርዱ በአንድ ጠባብ መንገድ ታልፋላችሁ። መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጨርቁን ከሱቁ ትገዛላችሁ፣ ደጁ ላይ የተቀመጠው ሰፊ ይሰፋላችኋል። እኔም ሙያውን የለመድኩት እዚያ ነው፣ ጋሼ ከምንላቸው አንድ አንጋፋ ሰፊ ጎን ቁጭ ብዬ።

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነበርኩ። ኮሌታ እንድሠራ ገና የተፈቀደልኝ ሰሞን አንዲት መምህርት መጡ። ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ነው የሚላቸው። የልጃቸው ምርቃት ደርሷል።

«ነጭ ሸሚዝ ስፋልኝ። የእናቴን ሐብል የማደርግበት» አሉኝ።

እኔ የሰማሁት ነጭ ሸሚዝ የሚለውን ብቻ ነው።

የመረጡት የጥጥ ፖፕሊን ነው። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ አድርቄ፣ በካውያ ተኩሼ ቆረጥኩት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ግን ነጩ ብቻውን ባዶ ሆኖ ታየኝ። ኮሌታውን ከፍ አድርጌ እስከ አንገት የሚቆለፍ አደረግኩት። ደረቱን ግራና ቀኝ ጠለፍኩት። የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ቁልፍ ተከልኩበት። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ።

ቲቸር መጥተው ለበሱትና መስታወቱ ፊት ቆሙ። ከቦርሳቸው በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የብር ሐብል ነው፤ መሀሉ ላይ ጠገራ ብር ተንጠልጥሎበታል። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛው ማለቴ ነው፣ በፈረንጆች 1780 የሚል ዓመት ያለበት። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይዞ ወጥቷል። አንዱ ብቻውን 28 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱም አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንጥረኞቻችን ስንት አምባርና ጉትቻ የሠሩት ይህንን ብር እያቀለጡ ነው። የቲቸር እናት ግን ሳይቀልጥ እንዳለ አንጠልጥለውታል።

ሐብሉን አጠለቁት። ግማሹ ኮሌታው ስር ገባ። ጠገራው አንዱ ቁልፍ ላይ ተቀመጠና ወደ ጎን ተንሸራተተ። ቲቸር በሁለት ጣታቸው ወደ መሀል መለሱት። ሸሸ። እንደገና መለሱት። ያ እጃቸው እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

«ያምራል የኔ ልጅ» አሉኝ። «እናቴ ግን አልታየችም።»

ጋሼ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «አቦ፣ ጌጡን ሳታይ ነው እንዴ አንገት የቆረጥከው?»

«ልፍታው?» አልኳቸው። ፖፕሊን ጥብቅ ሆኖ የተሸመነ ጨርቅ ነው፤ ስፌቱን ብትፈቱት የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል። ነጭ ላይ ደግሞ ምንም አይደበቅም። ጨርቁን ከኪሴ ገዝቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ለምርቃቱ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

በዚህኛው ጋሼ መጀመሪያ ሐብሉን አስጠለቋቸው። ከአንገታቸው ጎድጓዳ እስከ ጠገራው የታችኛው ጠርዝ በሜትር ለካሁ፤ 14 ሳንቲ ሜትር። የአንገቱን ክፍተት ከዚያ ሁለት ጣት ዝቅ አድርገን ቆረጥነው፣ ብሩ ገላ ላይ እንዲያርፍ። ኮሌታው ተኝቶ የሚከፈት ሆነ። ቁልፎቹ ትንንሽና ነጭ። ኪስ የለም፣ ጥልፍ የለም። እጅጌውንም ትንሽ አሳጠርነው፣ አምባራቸውን እንዳይውጠው።

ነጭ ሸሚዝ ለምን እንደማያረጅ የገባኝ ያኔ ነው። እሱ ራሱ ልታይ ልታይ አይልም፤ ለለበሰው ሰውና ለጌጡ ቦታ ይለቃል። እናቶቻችን ይህንን ድሮም ያውቁታል፤ ነጭ ቀሚስ ላይ አንዲት የወርቅ መስቀል ትበቃቸዋለች።

ለልክ ሲሞክሩት ሌላ ነገር ተገኘ። ኮሌታው ላይ ግራጫ መስመር ወጣ። ብር ሲቆይ ይጠቁራል፣ ጥቁረቱም ነጭ ጨርቅ ላይ ይለቃል። ጋሼ ሐብሉን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥበው፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ በለስላሳ ፍላኔላ ወለወሉት። እኔ ኮሌታውን ልዘፍዝፍ በረኪና ሳነሳ «እጅህ ላይ ያለውን ቀለበት አውልቅ» አሉኝ። የብር ቀለበት ነበር። በረኪና ብርን ያጠቁራል፣ ከሌላ ብረት የተቀላቀለ ወርቅንም ይበላል። ስንቱ ሰው ግን ጌጡን እንዳደረገ ነው ነጭ ልብሱን የሚያጥበው!

ዛሬ የራሴ የስፌት መኪና አለኝ። ነጭ ሸሚዝ የሚያዝ ሰው ሲመጣ፣ ሜትሩን ከማንሳቴ በፊት በምን ጌጥ ሊለብሰው እንዳሰበ እጠይቃለሁ።

ከምርቃቱ በኋላ ቲቸር ፎቶውን አምጥተው አሳዩኝ። ልጃቸው ጋውን ለብሳ ትስቃለች። ጠገራው መሀል ላይ ነው። የቲቸር እጅ የልጃቸው ትከሻ ላይ አርፏል።